ዓሳው ነጭ ሆነ ማለት በሰለ ማለት ነው?

 

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ እዚህ ልመልስ። በብዙ ቤት ያለ ክርክር ስለሆነ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

«ዶክተር፣ የአሥር ወር ልጅ አለኝ። የቆሮሶ ፊሌቶ ገዝቼ በትንሽ ዘይት መጥበሻ ላይ ሳደርገው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነጭ ይሆናል። ብዙ እሳት ፕሮቲኑን ያጠፋዋል ሲሉ ስለሰማሁ ቶሎ አወጣዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ካልደረቀ አልበሰለም ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። አንቺ ሳይበስል ታወጪዋለሽ፣ እሱ ደግሞ እስኪያር ይጠብቃል። ሁለታችሁም የምትፈርዱት ግን የላይኛውን ቀለም ብቻ አይታችሁ ነው። የእኔ አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ የዓሳ ቀለም መለወጥ ጥሩ ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማያውቅ ከለየን፣ ልጆቻችንን ከጥሬ ዓሳ በሽታም ከከሰለ ዓሳም እናድናለን።

ጥሬው ዓሳ ለምን ብርሃን ያሳልፋል?

ስስ የሆነ ጥሬ የቆሮሶ ፊሌቶ ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃን በከፊል ያልፍበታል፤ ረጥቦ እንደሚያብረቀርቅ ጭጋጋማ መስታወት ነው። ከ100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ ውስጥ 78 ግራም ገደማው ውሃ፣ 20 ግራም ገደማው ደግሞ ፕሮቲን ነው።

ፕሮቲንን እንደ ልቃቂት አስቡት። ረጅም ፈትል በሥርዓት ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል። ጥሬ ሥጋ ውስጥ እነዚህ ልቃቂቶች ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣ ውሃውንም አቅፈው ስላሉ ብርሃን በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል።

እሳት ሲነካቸው ልቃቂቱ ይተረተራል። የተተረተረው ፈትል ከጎረቤቱ ፈትል ጋር ይጠላለፍና ይቋጠራል። አሁን ብርሃን እንደ ቀድሞው አያልፍም፤ ቋጠሮው ላይ እየተጋጨ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ዓይናችን ይህንን የተበተነ ብርሃን ነጭ አድርጎ ያየዋል። የእንቁላል ነጩ ክፍል ጥሬው እንደ ውሃ ሆኖ ሲቀቀል የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ነጭ ቀለም የሚባል ነገር አልተጨመረበትም፤ የፕሮቲኑ አቀማመጥ ተለወጠ እንጂ።

ሁሉም ፕሮቲን ግን በአንድ ጊዜ አይተረተርም። የዓሳ ጡንቻ ዋናው ፕሮቲን ማዮሲን ይባላል። እሱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መለወጥ ይጀምራል፤ ይህ ማለት እጃችንን ልናስገባበት ከምንፈራው ውሃ ብዙም አይበልጥም። አክቲን የተባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ከ70 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይበገርም። በመካከሉ የሥጋውን ንብርብር አያይዞ የሚይዘው ኮላጅን ይለሰልስና ይቀልጣል። የዓሳ ኮላጅን ከበሬ ኮላጅን በጣም ደካማ ስለሆነ ነው ዓሳ እንደ በሬ ሥጋ ሰዓታት መቀቀል የማያስፈልገው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ዓሳ ነጭ መሆን የሚጀምረው በ50ዎቹ ዲግሪ አካባቢ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዓሳ የሚመክረው የውስጥ ሙቀት ግን 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ነጭነት ከደህንነት ቀድሞ ይደርሳል። የጠያቂዬ የሁለት ደቂቃ ዓሳ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ላዩ ነጭ ሆኖ መሃሉ ገና ሊሆን ይችላል።

«ፕሮቲኑ ይጠፋል» የሚባለውስ?

አይጠፋም። ይህንን አባባል በተደጋጋሚ ስለምሰማው በግልጽ ልናገር። ልቃቂቱ ስለተተረተረ ፈትሉ አልጠፋም። ሰውነታችን የሚፈልገው ፈትሉን፣ ማለትም አሚኖ አሲዶቹን ነው። ሆዳችንና አንጀታችን ፕሮቲኑን በኢንዛይም ቆራርጠው ነው የሚወስዱት፤ በሙቀት የተተረተረ ፕሮቲን ለዚህ ይመቻል እንጂ አያስቸግርም። በአግባቡ የበሰለ ዓሳ ለልጅ ሆድ ምቹ ምግብ ነው። ጥሬ ወይም ግማሽ ጥሬ አድርጎ ማብላት የሚያስገኘው የፕሮቲን ትርፍ የለም።

ከመጠን በላይ ስናበስለው የሚሆነው ሌላ ነው። የተጠላለፈው ፈትል እየጠበቀ ሲሄድ አቅፎት የነበረውን ውሃ ጨምቆ ያስወጣል። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ተለይቶ አጓቱ እንደሚወጣው ማለት ነው። ለዚህ ነው ብዙ የበሰለ ዓሳ እንደ ገለባ ደርቆ ልጅ ጉሮሮ ላይ የሚቆመው። ልጁ «ዓሳ አልወድም» የሚላችሁ ምናልባት ደረቅ ዓሳ ስለማይወድ ይሆናል።

ሳያስፈልግ የሚያስፈሩን ቀለሞች

ዓሳ ሲበስል አንዳንድ ለውጦች ወላጆችን ያስደነግጣሉ። ጤናማ ምግብ ሲጣል ስለማይ ልዘርዝራቸው።

አንደኛ፣ በፊሌቶው መሃል ወይም ቆዳው በነበረበት በኩል ያለው ቀይ መስመር ሲበስል ግራጫ ወይም ቡናማ ይሆናል። «ደም ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ዓሳው ያለማቋረጥ ሲዋኝ የሚጠቀምበት ጡንቻ ነው። ቀይ ያደረገው ማዮግሎቢን የተባለ ብረት ያዘለ ፕሮቲን ነው። ሙቀት ማዮግሎቢንን ሲተረትረው ቀይነቱ ይጠፋና ወደ ግራጫ ቡናማ ይለወጣል። የበሬ ሥጋ ሲጠበስ ቀይነቱን የሚያጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ የዓሳ ሾርባ ሲፈላ ላዩ ላይ የሚሰበሰበው ነጭ አረፋ ቆሻሻ አይደለም። በውሃ የሚሟሙት የዓሳው ፕሮቲኖች ወጥተው በሙቀት ረግተው ነው። ለመልኩ ብላችሁ ብትገፉት ችግር የለም፤ ብትተዉትም አይጎዳም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ሳልመን ስትጋግሩ ላዩ ላይ የምታዩት ነጭ እርጎ መሰል ነገርም ይኸው ነው። በብዛት ከወጣ እሳቱ በዝቶበታል ወይም ቆይቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀንሱለት።

ሦስተኛ፣ ሳልመን በስሎም ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ የመጣው ከማዮግሎቢን ሳይሆን አስታክሳንቲን ከተባለ፣ ዓሳው ከምግቡ ከሚያገኘው ቀለም ነው። የካሮት ቀለም ዘመድ ነው፤ ሙቀት በቀላሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ሳልመን እስኪነጣ አትጠብቁ። ብርሃን ማሳለፉን ትቶ ደብዘዝ ያለ ሮዝ መሆኑን እዩ።

አራተኛ፣ የቆርቆሮ ቱና ጥሬው ቀይ የነበረው በቆርቆሮ ውስጥ ለምን ግራጫማ ሆነ አትበሉ። ቆርቆሮው ከታሸገ በኋላ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚቀቀል ነው። ይልቅ የምትጠነቀቁት ያበጠ ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። እሱን ሳትቀምሱ ጣሉ።

ቀለም የሚዋሽበት ቦታ፦ ሎሚና ለብለብ

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሐይቅ ዳር ሄደን ጥሬ ዓሳ መብላት እንወዳለን። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ልፈርድባችሁ አይደለም።

ጥሬ ዓሳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበትና ጥቂት ሲቆይ ነጭ ይሆናል። «ሎሚው አብስሎታል» ይባላል። መልኩ በእርግጥም የበሰለ ይመስላል፤ የሎሚው አሲድ እንደ እሳት ሁሉ ልቃቂቱን ይተረትረዋልና። የቀለም ለውጡ አንድ ነው። ሙቀቱ ግን የለም። እሳት የሚገድለውን ጀርምና የትል እጭ ሎሚ አይገድለውም። ሚጥሚጣና ዳጣም አይገድሉትም። ያቃጥላሉ እንጂ የሚያቃጥሉት ምላሳችንን ነው።

ለብለብም ተመሳሳይ ነው። እሳት አይቶ የወጣ ዓሳ ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ገና መስታወት መሰል ነው። ተከትፎ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ሲደባለቅ የነጣውና ያልነጣው ተቀላቅሎ ዓይን ሊለየው አይችልም።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዓሳዎች ውስጥ ኮንትራሲከም የተባለ የትል እጭ አግኝተዋል። እንዲህ ያሉ እጮች በጥሬ ዓሳ ወደ ሰው ሆድ ሊገቡ የሚችሉ ናቸው። በዚህ ላይ ዓሳው የተበለተበት ጣውላ፣ የታጠበበት የሐይቅ ውሃና የተያዘበት እጅ የሚያመጡት የተቅማጥ ጀርም አለ።

«አባቶቻችን ሲበሉት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ልክ ነው። እኔ የምለው ጤነኛ ጎልማሳ አውቆ የሚወስደው አደጋ አንድ ነገር ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ «ቅመስ» ብሎ በአፉ ማጉረስ ሌላ ነገር ነው። ልጁ አልመረጠም። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ትንንሽ ልጆች፣ አረጋውያን፣ የስኳርና የጉበት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሁሉ ጥሬም ሆነ ለብለብ ዓሳ ባይበሉ እመክራለሁ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

«በረዶ ቤት አስቀምጬዋለሁ» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ቅዝቃዜ የትል እጭን የሚገድለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያ በታች ሆኖ ለሰባት ቀን ሲቆይ ነው። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ቤት የማቀዝቀዣችን የላይኛው ሳጥን ይህን ሁልጊዜ ያሟላል ብሎ ማመን ይከብዳል። ባክቴሪያን ደግሞ ቅዝቃዜ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

ቡናማው ምን ይላል?

ወደ ባለቤቷ ሐሳብ እንመለስ። ቡናማ ቀለም ከነጩ ፍጹም የተለየ ሂደት ነው። ነጩ የልቃቂቱ መተርተር ሲሆን፣ ቡናማው ፕሮቲኑና በሥጋው ውስጥ ያለው ጥቂት ስኳር በከፍተኛ ሙቀት ሲዋሃዱ የሚፈጠር ነው። ይህ በፍጥነት የሚሆነው ላዩ ደርቆ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ነው። ውሃ ያለበት ውስጡ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ አይቡንም። ለዚህ ነው የተቀቀለ ዓሳ የማይቡነው፣ የተጠበሰው ግን ላዩ ብቻ ወርቃማ የሚሆነው። ያ ደስ የሚል የጥብስ ሽታም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ቡናማነት የሚመሰክረው ስለ ቅርፊቱ ብቻ ነው። ስለ መሃሉ ምንም አያውቅም። በጣም የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ወፍራም ዓሳ ላዩ ጠቁሮ አከርካሪው አካባቢ ጥሬ ሊሆን ይችላል። በረዶው ሳይለቅ የተጠበሰ ዓሳ ደግሞ ይብሳል። ሙሉ ዓሳ ሲጠበስ ጎኑ በቢላ መተልተሉ ለጌጥ አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ አጥንቱ እንዲደርስ ነው፤ ይህን ልማድ አትተዉት። በዱቄት ወይም በእንቁላል ተለውሶ የሚጠበስ የዓሳ ኮተሌት ላይ የምታዩት ቀለም ደግሞ የሽፋኑ ነው፤ የዓሳው አይደለም። ጉላሽ ውስጥም በርበሬውና ቲማቲሙ ሁሉን ይሸፍነዋል።

ወርቃማ ቡናማ ጥፋት የለበትም። ጥቁር ግን አለበት። ፕሮቲንና ስኳር ሲዋሃዱ ቀድሞ የሚጎዳው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። እንደ በቆሎና ስንዴ ያሉ እህሎች ላይ የሚያንሰው ደግሞ ይኸው ላይሲን ነው። ለልጃችን ዓሳ የምንሰጠው እህሉ ያጎደለውን እንዲሞላ ከሆነ፣ ያንኑ ላይሲን አሳርረን ማቅረብ ምን ይባላል? ጉዳቱ በአብዛኛው ቅርፊቱ ላይ ነው፣ ውስጡ ይተርፋል፤ ግን ትንሽ ፊሌቶ እስኪጠቁር ሲጠበስ ከውስጡ የሚተርፈው ስንት ነው? በዚያ ላይ ሥጋና ዓሳ ሲከስሉ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ውህዶች ይፈጠራሉ። አንድ ቀን ያረረ በላን ብላችሁ አትጨነቁ። ልማድ አታድርጉት ነው የምለው። ደጋግማችሁ የጠበሳችሁበት ጥቁር ዘይትም ዓሳውን ሳይበስል ያጠቁረዋልና አስወግዱት።

ቀለም ጨርሶ የማያያቸው ነገሮች

አንዳንድ ነገር ዓሳው ነጭም ሆነ ቡናማ አይለወጥም።

አለርጂ፦ ለዓሳ አለርጂ ዋናው ምክንያት ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሙቀትን ይቋቋማል። «በደንብ ስለበሰለ አይጎዳውም» አይሠራም። ዓሳ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ የወጣ ወይም በተደጋጋሚ ያስመለሰ ልጅ ሐኪም ሳያየው ዳግመኛ አይሞከርበት። መተንፈስ ካስቸገረው ጊዜ ሳታባክኑ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጡ።

ሂስታሚን፦ ይህ በተለይ የባሕር ዓሳ ለምትበሉ ነው፤ አረብ አገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ልብ በሉ። ቱና፣ ማከሬልና ሰርዲን ከተጠመዱ በኋላ በሙቀት ከቆዩ ባክቴሪያ ሂስታሚን ያመርትባቸዋል። ከተመረተ በኋላ ማብሰል አያጠፋውም። ከበሉ በኋላ ፊት መቅላት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መጨመርና ሽፍታ ያመጣል።

ትኩስነት፦ እሳት የቆየውንም ትኩሱንም እኩል ያነጣል። ትኩስነት የሚታየው ከእሳት በፊት ነው። ዓይኑ ጎላ ብሎ ጥርት ያለ፣ ጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ወዲያው የሚመለስ፣ ሽታው የማይከረፋ ይሁን። ከሐይቅ ዳር ርቀን የምንኖር ሰዎች ይህን ማየት ግዴታችን ነው፤ በተለይ በጾም ወቅት ገበያው ሲሻማ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ምስክሩን ብቻውን አትስሙት፤ ሌሎች ምስክሮች ጨምሩ። ዓሳው በሰለ ስትሉ የላዩን ትታችሁ ወፍራሙን ቦታ፣ ሙሉ ከሆነ አከርካሪው አጠገብ ያለውን፣ በሹካ ወይም በቢላ ከፈት አድርጋችሁ እዩ።

1. ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መስታወት መሰል ቦታ ውስጡ ቀርቷል? ካለ አልበሰለም።

2. ሥጋው በሹካ ሲነካ በየንብርብሩ በቀላሉ ይለያያል? ቀደም ብለን ያነሳነው ኮላጅን ቀልጧል ማለት ነው። የሚጎተትና የሚሳብ ከሆነ ጥቂት ይቆይ።

3. ሥጋው ከአጥንቱ ሳይታገል ይላቀቃል? አጥንቱ አጠገብ የቀረ ጥሬ ደም የለም?

ሦስቱም ከተሟሉ አውጡት። ተጨማሪ ደቂቃ ውሃውን መጭመቅ ብቻ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ መሃሉ 63 ዲግሪ መድረሱን አረጋግጡ። በረዶ የሆነውን ቀድማችሁ ማቀዝቀዣው ውስጥ አሟሙት። እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ጥሬ ዓሳ የነካውን ቢላና መክተፊያ ሳታጥቡ ለሰላጣ አትጠቀሙ።

ለሕፃናት ዓሳ ተጨማሪ ምግብ ከሚጀመርበት ከስድስት ወር ጀምሮ መስጠት ይቻላል። አጥንቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት እየዳሰሳችሁ ልቀሙ፣ አድቅቁት፣ በትንሹ ጀምሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁኔታውን ተከታተሉ። ለእነሱ ከመጥበስ ይልቅ በትንሽ ውሃ መቀቀል ይሻላል፤ ይለሰልሳል፣ አያርርም፣ ነጩንም ሳይሸፈን ታያላችሁ።

ለጠያቂዬ እህትና ለባለቤቷ የምመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። የልጃችሁ ዓሳ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ይበልጥ፣ ከቡናማው ብዙ ይቅደም። ዛሬ ማታ ሁለታችሁም ምድጃው አጠገብ ቁሙና ወፍራሙን ቦታ በሹካ ክፈቱት። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ለሚያስቡ ጓደኞቻችሁም አጋሩላቸው።

መልካም ጤና!